ሚጡን ለምን አልከለከልኳትም

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት ተሻላት ወይ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን።

የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። «አንቺ እያለሽ ልጄ በጾም ምድር ባሕር ዳርቻ ልትጨፍር ትሄዳለች?» ነው ያልሽው። በስልክ ብናወራው ሁለታችንም እንናደድና አንዳችን እንዘጋዋለን። መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አልከለከልኳትም፣ እትዬ። ሚጡ 20 ዓመቷ ነው። እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስፕሪንግ ብሬክ የሚሉት የአንድ ሳምንት ዕረፍት አላቸው፤ ብዙዎቹ ማርች ላይ ነው የሚዘጉት። ተማሪው ያን ሳምንት እየጠበቀ ነው የሚከርመው። እሷም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርታ ባጠራቀመችው ብር ነው የምትሄደው። እምቢ ብላት «ለፈተና እያጠናሁ ነው» ብላኝ ትሄዳለች። እዚህ ባሉ አበሻ ቤቶች ይህን ብዙ አይቻለሁ። ልጁ ተደብቆ ይሄዳል። አንድ ነገር ሲደርስበት ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ለቤተሰቡ አይደውልም። እኔ ሚጡ ሲጨንቃት መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ እንዲሆን ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ያሰቡት ካንኩን ነበር፣ ሜክሲኮ። እሱን ግን ተነጋግረን አስቀየርኳት። ጓደኞቿ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ፓስፖርታቸውን አሳይተው ይመለሳሉ። እሷ በተማሪ ቪዛ ነው ያለችው። ወጥታ ለመመለስ የቪዛው ቀን አለ፣ ትምህርት ቤቱ የሚፈርምበት ወረቀት አለ። ለአንድ ሳምንት ጨዋታ ብላ ትምህርቷን ድንበር ላይ አታንጠልጥል። አሁን የሚሄዱት ፍሎሪዳ ነው፣ ፓናማ ሲቲ ቢች። አራት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የኤርትራ ልጅ ናት፣ እናቷን አውቃታለሁ።

ስለ ከተማው አንቺም ብትሰሚ ከእኔ መስማቱ ይሻልሻል። በፈረንጆቹ 2015 በዚሁ ዕረፍት ሰሞን እዚያ ተኩስ ነበር፤ ባሕር ዳርቻው ላይም በሰው ፊት በአንዲት ልጅ ላይ ጥቃት ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ከተማው መረር ያለ ሕግ አወጣ። ከ2016 ጀምሮ ማርች ሙሉ ባሕር ዳርቻው ላይ አልኮል መጠጣት ክልክል ነው። ፖሊሱም ብዙ ነው። ይህ እኔን ደስ ነው ያለኝ።

አንቺ የምትፈሪው ሰው ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ውኃው ነው። ደሴ ያደግን ሰዎች የምናውቀው ውኃ ቦርከናን ነው፤ ሐይቅ ሄደን እግራችንን ስንነክር የነበረውም ባለበት የተኛ ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ሪፕ ከረንት የሚሉት አለ። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚመለስበት ጠባብ መንገድ ነው። ሰውን ወደ ታች አይጎትተውም፤ ከዳር ነጥሎ ወደ ውስጥ ነው የሚወስደው። ክፋቱ ሲያዩት ጸጥ ያለ መምሰሉ ነው። ግራና ቀኙ ማዕበል ሲሰበር እሱ ጋ ብዙ ጊዜ አይሰበርም። ዋና የማይችል ሰው «እዚህ ጋ ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያው ላይ ነው። ሲፈጥን በሴኮንድ 2.4 ሜትር ይደርሳል፤ የኦሎምፒክ ዋናተኛም ታግሎ አያሸንፈውም። በ2023 ጁን ላይ በዚያው ባሕር ዳርቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ሰው ሞቷል።

ስለዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስጠናኋት። ከወሰደሽ ወደ ዳር አትታገዪ፤ የሚገድለው ድካሙ ነው። በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ከቻልሽ ዳርቻውን ተከትለሽ ወደ ጎን ዋኚ። ጓደኛሽን ከወሰዳት ተከትለሽ እንዳትገቢ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሪላት፣ ነፍስ አዳኞቹን ጥሪ፣ ለአደጋ ጊዜ ቁጥሩ ለ911 ደውዪ። ስለ ውኃው አደጋ ባሕር ዳርቻው ላይ የሚሰቀሉትን ባንዲራዎችም ታውቃለች። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቀይ አደጋው እየባሰ ይሄዳል፤ ሐምራዊ ከሆነ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ አለ ማለት ነው። ሁለት ቀይ ከተሰቀለ ውኃው ተዘግቷል፤ መግባት ራሱ ያስቀጣል። ሚጡ ዋና የጀመረችው በቅርብ ነው። ነፍስ አዳኝ ከሌለበት ላትገባ፣ ሲኖርም ከጉልበቷ ላታልፍ ቃል ገብታልኛለች።

ስለ መጠጥም በግልጽ አውርተናል። አታፍሪብኝ። እዚህ ከ21 ዓመት በታች መጠጣት ክልክል ነው። ብዙ ተማሪ የሐሰት መታወቂያ ይይዛል። ለፈረንጁ ልጅ ይህ ጠበቃና ቅጣት ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ለሚጡ ግን ቪዛዋ ነው። ፖሊስ ከያዛት ጉዳዩ እዚያ ከተማ ላይ አያልቅም። አደንዛዥ ዕፅ ከሆነማ ከአገር ሊያስወጣት ይችላል። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ገብቷታል።

ከሰው እጅ ክኒን እንዳትቀበልም ነግሬያታለሁ፣ ለራስ ምታት እንኳ ቢሆን። አሁን የፋርማሲ መድኃኒት መስሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ፌንታኒል የሚሉት እጅግ ብርቱ አደንዛዥ ያለበት ክኒን አለ። 2 ሚሊግራም ሰው ሊገድል ይችላል። ናርካን የሚባል በአፍንጫ የሚረጭ ማርከሻ አለ፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ገዝቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከትቻለሁ። ለእሷ ብዬ አይደለም፤ አጠገቧ ለሚወድቅ ሰው ነው። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ልጆቹ ፖሊስ ይመጣል፣ የአምቡላንስ ዕዳ ይመጣል ብለው ይፈራሉ። እኛ ስደተኞችማ ዕዳ ስንፈራ ነው የኖርነው። «ደውዪ፣ ዕዳው በኋላ ይከፈላል» ብያታለሁ። የፍሎሪዳ ሕግም ለሌላው ነፍስ ብሎ የደወለን ሰው ከአንዳንድ ክስ ይከላከላል።

የተከራዩት ቤት በጋዝ የሚሠራ ነገር ሊኖረው ይችላል። ክረምት ላይ በከሰል ተኝተው የቀሩ ሰዎችን አንቺም ታስታውሻለሽ። ያው መርዘኛ አየር ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፤ ከጋዝ ማሞቂያ ሲወጣ ደግሞ ሽታ እንኳ የለው። የሚጮህ መጠቆሚያ አለኝ፤ ይዛው ትሄዳለች።

መንገዱ በመኪና ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጆቹ ሌሊቱን እየተፈራረቅን እንነዳለን ብለው ነበር። እዚህ ላይ ግን አልተለሳለስኩም። እንቅልፍ የያዘው ሾፌር ከሰከረ አይሻልም። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ላይ አበሻ ብዙ ነው፤ ጓደኛዬ እዚያ ትኖራለች። እሷ ቤት ያድራሉ። ሽሮና ጎመን ሠርታ ትጠብቃቸዋለች። ጾሙን አልተውኩም ብላለች ሚጡ፣ እወቂላት።

አንድ ምልክትም አለን። ካልተመቻት ቦታ መውጣት ከፈለገች «ሽሮው አረረ» ብላ ትጽፍልኛለች። እኔ ወዲያው ደውዬ በአማርኛ እጮህባታለሁ፤ እሷ «አክስቴ አሟታል» ብላ ትወጣለች። አጠገቧ ያለው ማንም አይገባውም። ያለችበትንም ስልኬ ላይ አያለሁ። የፓስፖርቷና የኢንሹራንሷ ፎቶ እኔ ጋ አለ። ፎቶዋን ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፊባት፤ የት እንዳለች ለማያውቃት ሰው መንገር ነው። ከተመለሰች በኋላ ትለጥፊያለሽ።

ቅዳሜ ይነሳሉ። ሰኞ በእናንተ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውልልሻለች፤ እዚያ ቀትር ነው። እባክሽ ስትደውል ስለ ልብሷ አትጀምሪ። ምን በላሽ፣ ውኃው እንዴት ነው፣ ባንዲራው ዛሬ ምን ቀለም ነው በያት። ልንገርሽ ብላ የጀመረችውን እስክትጨርስ ስሚያት። ከዚያ መርቀሽ ዝጊላት።

እማማን ጉልበቷን ስሚልኝ። የጉልበት መድኃኒቷን በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

እህትሽ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ