ማተቤን አይተው የፈሩኝ አዛውንት

ለውዷ እታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ እንጃ፣ ብቻ ዝምታው ረዘመ። አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ነርስ ሆነሽ መግባትሽን ስሰማ፣ ይሄንን ጉዳይ የምጽፈው ላንቺ ነው አልኩ። በስልክ የሚወራ አይደለም።

እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እንደ ብዙው አበሻ ሆም ኬር እሠራለሁ። አሁን የምንከባከባቸው ሰው ሰማንያን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያፈቀሩት አንድ ወንድ ነው። ፊትሽ ሲለወጥ ከዚህ ሆኜ ታየኝ! እኛ አገር ሕጉም ሰፈሩም ምን እንደሚል አውቃለሁ። ግድ የለሽም፣ አንብቢው።

መጀመሪያ ሰሞን አያናግሩኝም ነበር። መደርደሪያው ላይ አንድ የፎቶ ፍሬም ሁልጊዜ ተደፍቶ ነው የማገኘው። አቧራ ልጠርግ ሳነሳው "ተይው!" ብለው ጮኹ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ለካ አንገቴ ላይ ማተቤንና መስቀሌን አይተው፣ ይቺ ልትኮንነኝ የመጣች ናት ብለው ኖሯል። ይሄን የነገሩኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሁንም "ይሄን ሰውዬ ተይው" ትለኛለች። የሽማግሌ ገላ ማጠብ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?

ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። በ1953 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያወጡት ትእዛዝ እንደሳቸው ያለውን ሰው ከመንግሥት ሥራ የሚያስባርር ነበር። ሺዎች ተባረሩ። ፍራንክ ካሜኒ የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1957 ተባሮ፣ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው። የኔ አዛውንት ደግሞ ገና ወጣት የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት መርማሪዎች ክፍል አስገብተው "የጓደኞችህን ስም ጥራ" አሏቸው። አልጠሩም። ሥራቸውን ግን በዚያው አጡ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባንቺ ሙያ ዓይን እይልኝ። እናታቸው "ልጄ ይዳንልኝ" ብለው ሐኪም ቤት አስገቧቸው። የወንዶች ፎቶ እያሳዩ ክንዳቸው ላይ ኤሌክትሪክ ይለቁባቸው ነበር። ያኔ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች (የአእምሮ ሐኪሞች) ማኅበር የበሽታዎች መጽሐፍ ራሱ፣ ከ1952 ጀምሮ፣ ወንድ ወንድን ማፍቀሩን በሽታ ነው ብሎ መዝግቦታል። በ1972 ጆን ፍራየር የሚባል ሳይካትሪስት ለባልደረቦቹ "እኔም እንደነሱ ነኝ" ለማለት ጭንብል አጥልቆ፣ ድምፁን በማይክሮፎን አስቀይሮ ነው መድረክ ላይ የወጣው። ሐኪሙ ራሱ እንዲህ ሲደበቅ አስቢው! ከመጽሐፉ የተሰረዘው በ1973 መጨረሻ ነው። ከሳቸው ሰውነት ግን ማን ይሰርዘዋል? ዛሬ ሐኪማቸው "ድባቴ አለብዎት፣ ቴራፒስት ልላክዎ" ሲላቸው ፊታቸው እንደ አመድ ይሆናል።

ፎቶው ላይ ያለው ሰው በ1991 በኤድስ ሞተ። ሆስፒታሉ "ቤተሰብ ብቻ" ብሎ አላስገባቸውም። ዘመዶቹ አስከሬኑን ወስደው ቀበሩ፣ እሳቸውን የጠራ የለም። ለቅሶ የደረሳቸውም የለም። እኛ ጎረቤት የሞተበትን ሰው እንኳ ብቻውን አናሳድርም። መድኃኒቱ በ1996 እስኪመጣ የአድራሻ ደብተራቸው ግማሹ ስም ተሰርዞ ነበር። ደብተሩን አሳይተውኛል፤ እያንዳንዱ ስም ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በ2015 ጋብቻው በመላ አገሪቱ ሲፈቀድ ጎረቤታቸው "እንኳን ደስ አለዎት" አላቸው። "ማንን ላግባ ታዲያ?" አሉኝ እየሳቁ።

ማታ ማታ አሁን መዘንጋትም ጀምረዋል። በር ከተንኳኳ መርማሪዎቹ የመጡ ይመስላቸዋል። አባትሽ ከቀይ ሽብር በኋላ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር መብራት ያጠፉ አልነበር? ልክ እንደዚያ። ስለዚህ ስገባ ከበር ጀምሬ ስሜን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ልብሳቸውን ከማውለቄ በፊት አስፈቅዳለሁ። ለተረኛዋም "ፍሬሙን አትንኪ" ብዬ ጽፌ እተዋለሁ።

ትንሽ የረዳቸው የስልክ ወዳጅ ነው። ሴጅ የሚባል፣ በ1978 ኒውዮርክ የተቋቋመ፣ ለእንደነዚህ ያሉ አዛውንቶች የቆመ ድርጅት አለ። በሱ በኩል አንድ እኩያቸው ይደውልላቸዋል። ለሐኪም ያልተነፈሱትን ለሱ ያወሩታል። ወጥ ቤት ሆኜ ሳቃቸውን እሰማለሁ።

ግን ሌሊቱ አሁንም ከባድ ነው፣ እንቅልፍ የላቸውም። ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፣ ያቆሰላቸው ደግሞ ሕክምና ነው። አንቺ ብትሆኚ ከየት ትጀምሪያለሽ? እናንተ ጋ "ይዳኑ" ተብሎ በሰንሰለት ታስረው የቆዩ ሰዎች ይመጣሉ አይደል? እነሱ ነጭ ጋዋን ሲያዩ ሲሸሹ ምን ብላችሁ ነው የምታቀርቧቸው? የመጀመሪያው ቀን ምን ትያቸዋለሽ? ይሄንን ዘርዝረሽ ጻፊልኝ፣ ካልተመቸሽም በቴሌግራም ድምፅ ላኪልኝ። ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው።

አባትሽን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ