አባባን ደውለሽ አናግሪልኝ

የኔ እህት፣

ይኸው ጠፍቼ ጠፍቼ ሲቸግረኝ መጣሁ። አትቆጪ፤ ያንቺም ስልክ አልተሰበረም። ይቅርታውን በዚህ እንለፈው።

ጉዳዩ የክርስትና ልጅሽ ናት። ለ8ኛ ክፍል ፈተና መመዝገቢያ ፎርም ሰጧቸው። እስከ ዛሬ በአባባ ስም እንደምትጠራ ታውቂያለሽ። እሷ ግን «የአባት ስም» የሚለው ላይ የእኔን ስም ጽፋ አስገባች። ጸሐፊው «የአባት ነው እኮ የሚለው» ቢላት «አዎ፣ አንብቤዋለሁ» ብላው እርፍ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም አሉ።

ተጠርቼ ሄድኩ። ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር አይገጥምም፣ ስም ለማስለወጥ ፍርድ ቤት ነው አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ስሜን እዚያ ወረቀት ላይ ሳየው... እንዴት ልበልሽ፣ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዬ። ለማንም አልተናገርኩም።

ምነው ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ፋሺስት ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ፣ አባቶች ከሐበሻ የወለዷቸውን ክልሶች ልጄ ብለው በስማቸው እንዳያስጠሩ መከልከሉን አንብባለች። «እነሱን እንኳ ሕግ ከልክሏቸው ነው» አለችኝ። የእኔን ሰውዬ ማን ከለከለው? መንገዱ ተሠርቶ አለቀ፣ ሄደ። ዝም ብዬ ሽንኩርቴን ከተፍኩ።

ሰፈሩ ያው ነው። ፒያሳ ላይ «ቻይና!» ብለው ሲጮኹባት ዞር ብላ «አቤት፣ ማን ልበል?» ትላቸዋለች፣ ስልክ እንዳነሳ ሰው። ጠሪው ነው የሚያፍረው። እኔ በእሷ ዕድሜ ድንጋይ ነበር የማነሳው፤ አንቺ ምስክር ነሽ።

የከበደኝ አባባ ናቸው። ጎረቤቱ «ዲቃላ» እያለ ሲያንሾካሹክ ስማቸውን ሰጥተው የሸፈኗት እሳቸው ናቸው። አሁን «ስሜን ጣለችው» ብለው አኩርፈዋል። አልፈርድባቸውም፣ ያማል። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ቁስቋምን ያሳነጹት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው እያሉ የሚኩራሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ? የሴት ስም ለግንብ ሲሆን ኩራት፣ ለፎርም ሲሆን ነውር? ይህን እኔ ብናገር ቤት ይፈርሳል። አንቺ ብትያቸው ይስቃሉ።

ልጅቷማ «መቼ ጣልኩት? ከስምሽ ቀጥሎ አለ እኮ። አያቴን አያት ቦታ አስቀመጥኳቸው» ትላለች። እውነቷን ነው። ይህችን ንገሪያቸው፤ በ80 ቀኗ ክርስትና ያነሳሻት አንቺ ነሽ፣ ድርሻ አለሽ።

ፍርድ ቤት ልሂድ ወይስ ልተው፣ ገና አልቆረጥኩም። ዋሸሁ፣ ቆርጫለሁ። ግን እሳቸው እያኮረፉ ዳኛ ፊት መቆም አልፈልግም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደውይ። ሬዲዮውን ከከፈቱ በኋላ ከሆነ አይሰሙሽም። ለጥምቀትስ ትመጫለሽ ወይስ ዘንድሮም በቴሌቪዥን ነው? ከመጣሽ ነጠላ ይዘሽልኝ ነይ፤ ያንን የወሰድሽብኝን ማለቴ ነው።

ያቺው ጓደኛሽ
ጎንደር