አባዬ፣ ዛፎቹን ከጣሪያው እናውርዳቸው

ሐረር፣ አራተኛ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ?

እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹም ይስሙሃል። ደብዳቤ ስለሆነ «እርስዎ» ልልህ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት መስመር ሳልሄድ ለቀበሌ ማመልከቻ የምጽፍ መሰለኝና ቀደድኩት። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ያልሰማኸውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ቀስ ብለህ አንብበው።

የጎረቤታችን ልጅ የላከልኝን ፎቶ አየሁ፤ ጣሪያው ላይ በቆርቆሮ ዕቃ እያሳጠርክ የምታሳድጋቸውን የቦንሳይ ዛፎችህን። ሁመሩ ቅጠሉን አራግፏል፣ ወይራው ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል፣ ከሁለቱ ዋርካዎች ትንሹ ቢጫ ሆኗል። «ምን ነካቸው በላት» እንዳልከውም ነግሮኛል። እንደ ሐኪም ልናገር ነውና አትቆጣ። ዛፍ በመግደል ከአንተ የበለጠ ልምድ አለኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በስንት ጉድ አሳድገህ የሰጠኸኝን ጽድ ታስታውሳለህ። «ሞተ» ብቻ ብዬህ ነበር፤ እንዴት እንደሞተ አልነገርኩህም። እንግዳ ሲመጣ እንዲያየው ብዬ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጽድ ደግሞ የደጅ ዛፍ ነው፤ ፀሐዩንም፣ ነፋሱንም፣ የሌሊቱን ብርድም ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ጽድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው። ስንት ጊዜ ሬሳ ሳጠጣ እንደከረምኩ የገባኝ ቅጠሉ በእጄ ሲረግፍ ነው። ይኸው ተናዘዝኩ።

አሁን ወዳንተ። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት አጠጣለሁ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም» ትላለህ። አባዬ፣ ባቡር እኮ አይደለም! የሸመንደፈር ሰዓት ለዛፍ አይሠራም። የዛፍ ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፤ አፈሩ ሁልጊዜ ከራሰ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም፤ ስለዚህ ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ሲጠማም ሲሰጥምም ቅጠሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጠወልገው። ሰው ደግሞ የጠወለገ ቅጠል ሲያይ እጁ የሚሄደው ወደ ጆጉ ነው።

ሰዓቱን ተውና አፈሩን ጠይቀው። እማዬ ነፍሷን ይማረውና ደፎው መብሰሉን በስንደዶ ወግታ ታይ አልነበር? ልክ እንደዚያ። ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ድረስ ውጋበት፣ 10 ደቂቃ ቆይተህ አውጣው። እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ተወው፤ ደርቆ ከወጣ አጠጣ። ስታጠጣ ደግሞ ከታች ቀዳዳው እስኪፈስ ድረስ ይሁን፤ ላይ ላዩን ጠብ ጠብ ማድረግ ዋጋ የለውም። በዚህ ሙቀት ሁመሩ በቀን አንዴም ሁለቴም ሊፈልግ ይችላል፤ የበረሃ ጽጌረዳዋ ግን ግንዷ ውስጥ ውሃ ስለምታጠራቅም አፈሯ ጭልጥ ብሎ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ሁለቱን በአንድ ሰዓት እኩል ማጠጣት አንዱን መበደል ነው። አፈሩ ከመጠን በላይ ደርቆ ውሃው በዳር በዳር ብቻ ከወረደ ደግሞ፣ ዕቃውን እንዳለ ሳፋ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ጠጥቷል ማለት ነው።

አፈሩም ራሱ ችግር አለበት። ከደቻቱ ወንዝ ያመጣኸው አሸዋ ደቃቅ ደለል ስላለበት ውሃ ሲነካው እንደ ሲሚንቶ ይጠብቃል። በወንፊት ንፋውና ብናኙን ድፋው። የተሰበረ ሸክላ ወይም ጡብ ሰባብረህ፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ለይተህ ቀላቅልበት። ሚሊ ሜትር ሲባል ዓይንህ እንደሚበራ አውቃለሁ። ግን አሁን አትንካው! በግንቦትና በሰኔ አፈር ለመቀየር ብሎ ሥር መቁረጥ የታመመን ሰው በፀሐይ እንደማስሮጥ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሙቀቱን ሲሰብር እናዛውራቸዋለን፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከሥሩ ሲሶውን ያህል ብንቆርጥ ነው እንጂ ከዚያ አናልፍም።

ልጁ ዩሪያ እንደጨመርክባቸውም ነገረኝ። (አትቆጣው፤ እኔ ነኝ አፍጥጬ የጠየቅኩት።) ለታመመ ሰው ክትፎ አይሰጥም፣ አባዬ። ማዳበሪያ የሚሰጠው ለጤነኛ ዛፍ፣ በእድገቱ ወቅት፣ ያውም በትንሹ፣ አፈሩ ርሶ እያለ ነው። በደረቅ አፈር ላይ ሲሆን ሥሩን ያቃጥለዋል። የወይራው ጫፍ የተቃጠለው በእሱ ይመስለኛል።

የዋርካው ቢጫነት ግን ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የድሬ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያውን ውስጡን እየው፤ ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። ያው ኖራ አፈሩ ውስጥም ይጠራቀማል፤ የዕቃዎቹ ከንፈር ላይ ያለው ነጭ መስመር እሱ ነው። ኖራ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ናቸው፤ የብረት እጦት ምልክት ነው። አርባ ዓመት ብረት ስትቀጠቅጥ ኖረህ ዛፍህ ብረት አነሰው። ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያው በርሜል እንሞላለን። እስከዚያ ውሃውን አፍልተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ዝቃጩን ሳትነካ ከላይ ከላይ ቅዳለት፤ ሲፈላ ከኖራው ብዙው ይዘቅጣል።

ሽቦውንም አየሁት። የወይራው ቅርንጫፍ ላይ የጠመጠምከው ያ የአጥር ሽቦ ቅርፊቱን እየበላው ነው። ዛፍ ይወፍራል፣ ሽቦ አይሰፋም። በየሁለት ሳምንቱ እይልኝ። ስታወጣው ደግሞ አትፍታው፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ በፒንሳ ቆራርጠህ አንሳው። ለሚቀጥለው ከተቃጠለ ሞተር የወጣ መዳብ ይሻላል፤ መዳብ በእሳት ማለስለስን አንተ ነህ የምታስተምረኝ።

ሁመሩ ሞቷል ብለህ ለመንቀል አትቸኩል። በጥፍርህ ቅርፊቱን ትንሽ ፋቅ አድርገው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ። መጀመሪያ የያዝከው ሰሞን ትዝ ይልሃል? ማታ ቅጠሉን ሲያጥፍ «ሊሞት ነው» ብለህ በሌሊት ደውለህልኝ፣ ጠዋት ተመልሶ ሲዘረጋ አፍረህ ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳህም። እሱ እንቅልፉ ነበር፤ የአሁኑ ግን እንቅልፍ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጣሪያው ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

ሰው ድሬ ሞቃት ናት ሲል የሚያወራው ስለ ጥላው ነው። በጥላ 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ሲሚንቶው ጣሪያ ላይ በባዶ እግርህ መቆም አትችልም። ዛፎችህ ያሉት ደግሞ ጥልቀት በሌለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ሥራቸው ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከታችም ከጎንም ይቀቀላል። ውሃ የሚጠጣው ጥቃቅኑ ሥር ያለው ደግሞ እዚያው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃውን ብታስተካክል፣ ሽቦውን ብታነሳ፣ ማዳበሪያውን ብትተው፣ እዚያው ላይ እስካሉ ድረስ ለውጥ የለም።

ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ያለውን ቦታ አስብበት። ጠዋት ጠዋት ከምሥራቅ በኩል ፀሐይ ያገኛል፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ጥላ ነው። የእማዬ የሽንኩርት ሣጥን የነበረበት የእንጨት መደብ ላይ ብንደረድራቸው ከሲሚንቶ ይርቃሉ፣ ለወገብህም ልክ ነው። ጉንዳን ከወጣባቸው ቅጠሉን ገልብጠህ እይ፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ በሳሙና ውሃ ጥረገው።

ስለ መሰላሉ ምንም አልልም። ራስህ የበየድከው ስለሆነ ከባቡር ድልድይ ይጠነክራል፤ ሰምቻለሁ፣ መቶ ጊዜ። ልጁ ጄሪካኑን በገመድ እየጎተትክ እንደምታወጣም ነግሮኛል። ስለ እሱም አልልም።

ይልቅ አንድ ነገር ላውራህ። ዋሽንግተን በቦንሳይ ሙዚየም ውስጥ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ያለ። ያማኪ የሚባል የሂሮሺማ ቤተሰብ ነበር የሚያሳድገው። በ1945 ቦምቡ ሲወድቅ ዛፉ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበር፤ ቤተሰቡም ዛፉም ተረፉ። በ1976 ጃፓኖች ለአሜሪካ ከሰጧቸው 53 ዛፎች አንዱ ሆነ። ሰጪው ታሪኩን ስላላወሩ፣ በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሙዚየሙን እስኪጎበኙ ድረስ ዛፉ ከሂሮሺማ መትረፉን እዚያ የሚያውቅ አልነበረም። እኔን የገረመኝ ከቦምቡ ይልቅ ማጠጫውን የተቀባበሉት ሰዎች ናቸው። አንዱ «ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛፉ ከእሱ ጋር ያልቅ ነበር።

ያ የጎረቤት ልጅ ፎቶ ሲያነሳ የእያንዳንዱን ስም እየጠራ ነበር የነገረኝ። ወይራውን «የጋሼ ትልቁ» ነው የሚለው። ስንጥሩን አሳየው። አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ ትቆጣዋለህ፣ እሱ ያጠጣል።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ደንገጎ ላይ ጭጋግ ካልያዘን 3 ሰዓት ሳይሆን ቤት ነኝ። ታላቁን ልጄን ይዤው እመጣለሁ፤ ጉልበት አለው። ሰባቱንም እኛ እናወርዳለን፣ አንተ ከታች ሆነህ የቱ የት እንደሚቀመጥ ታዝዛለህ። እስከዚያ አንድም ዕቃ እንዳታንቀሳቅስ። ለቁርስ ፈጢራ አስመጣልን፤ እንቁላሉ በዛ ያለ ይሁን።

ልጅህ

የረሳሁት፦ የበረሃ ጽጌረዳዋን ቅርንጫፍ ከቆረጥክ የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ዓይንህን እንዳታሽ፣ ጫትህንም እንዳትነካ።