19 ኪሎፓስካል

ወንድሜ፣

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ የላክልኝ የውጤት ወረቀት ፎቶ ሆነ! ከሥሩ ደግሞ «አለቀልኝ ማለት ነው?» ብለሃል። የመጥፋታችንን ነገር ስንገናኝ እንወቃቀስበታለን፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። እኔ በዚህ በፋይብሮስካን፣ ማለትም የጉበትን ጥንካሬ በሚለካው ማሽን፣ ሰው ስለካ ነው የምውለው፣ ስለዚህ ስለ ወረቀቱ ላውራህ።

አላለቀልህም። 19 ኪሎፓስካሉ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ላሞኝህ አልፈልግም። የጤነኛ ሰው ጉበት ጥንካሬ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ከ8 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ ይኖራል ብለን አንሰጋም። 15ን ሲያልፍ ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ መድረቁን፣ እንጠረጥራለን። እንጠረጥራለን ነው ያልኩት።

ለምን መሰለህ? ማሽኑ ጠባሳውን አያየውም። በጎድን አጥንቶችህ መሃል ያቺ የማሽኑ መለኪያ ቱክ ስታደርግህ ትንሽ ሞገድ ወደ ጉበትህ ይገባል። አልትራሳውንዱ የሞገዱን ፍጥነት ይከታተላል። ጉበቱ በጠነከረ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል፤ ኪሎፓስካሉ የሚሰላው ከዚህ ፍጥነት ነው። ምን እንዳጠነከረው ግን አይነግርህም። ጠባሳ ያጠነክረዋል። በመጠጥ የተቆጣ ጉበትም ይጠነክራል። ልብ ሲደክም ጉበት ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ የሐሞት መውረጃ መዘጋት፣ ሌላው ቀርቶ ምግብ በልቶ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ያበጠ እግር ሲነኩት ይጠነክር የለ? እንደዚያ በለው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከደም ምርመራህ ላይ ኤኤስቲ የሚባለው፣ ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ኢንዛይም ከመደበኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አንተም እስከ ዋዜማው ድረስ ስትጠጣ እንደነበር ጽፈህልኛል። ስለዚህ 19ኙ ውስጥ ስንቱ ጠባሳ፣ ስንቱ ቁጣ እንደሆነ ዛሬ ማንም ሊነግርህ አይችልም። የአውሮፓ የጉበት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ይህንኑ አስቦበታል። ጥንካሬው ከፍ ብሎ ኤኤስቲ ወይም ጂጂቲ የሚባለው ሌላው የጉበት ኢንዛይም ከመደበኛው ከእጥፍ በላይ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት መጠጥ ተቁሞ ወይም ተቀንሶ ልኬቱ ይደገም ይላል። ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ደህና አድርጎ የሚወርድላቸው ብዙ ናቸው። የማይወርድላቸውም አሉ፤ ያኔ ጠባሳው የእውነት ነው ብለን እንይዘዋለን።

አደራ፣ ይህን አንብበህ ዛሬ ማታ ብቻህን እንዳታቆም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ አንዳንዱን የሚጥል በሽታ ዓይነት ይጥለዋል፤ የሚቃዥም አለ። ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ለሐኪሙ በየቀኑ ምን ያህል እንደምትጠጣ ንገረው። ከቁጥሩ ሳትቀንስ! ለሐኪም ግማሹን መናገር የጠጪ ሁሉ ልማድ ነው፣ እኛም እናውቀዋለን።

የልኬቱ ጥራት ደህና ነው። 10 ጊዜ ለክተውሃል፣ በልኬቶቹ መሃል ያለው ልዩነት 14 በመቶ ነው፤ እስከ 30 ድረስ እንቀበላለን። ቁርስ በልተህ እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ሁለተኛው ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ምንም ሳትበላ ሂድ። ከተቻለ በዚያው ማሽን ይሁን።

«ምንም አያመኝም» ያልከው አያጽናናኝም። ጉበት ሲሮሲስ እስኪደርስ ድረስ ምንም ላይናገር ይችላል። ፕሌትሌትህ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ስንት እንደሆነ ፎቶው ላይ ተቆርጧል፣ እሱን ላክልኝ። የጉበቱ ጥንካሬ ከ20 በታች ሆኖ ፕሌትሌቱ ከ150,000 በላይ ከሆነ፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ደም ሥር አብጦ እንደሆነ ለማየት ካሜራ ባለው ቱቦ የሚደረገውን ምርመራ (ኢንዶስኮፒ) ለጊዜው ልትተወው ትችል ይሆናል። እሱን የሚወስነው ሐኪምህ ነው። ሲሮሲስ ነው ከተባለም መጠጡን መተው ዕድሜ ይጨምራል፤ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መነሳትም ይመጣል።

ቀጠሮው መቼ ነው? ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገር በስልክ አብሬህ ልሁን። ቀኑን ብቻ አሳውቀኝ፣ ፈረቃዬን እቀይራለሁ።

ያንተው