ለሜግ ራያን የተሰጠው ሚዛን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጥበብ ዓምዳችሁ እ.ኤ.አ. ስለ1990ዎቹ የፍቅር ኮሜዲዎች ባወጣው ጽሑፍ፣ ሜግ ራያን በየፊልሙ ራሷን ብቻ ስትጫወት የኖረች ተዋናይት ተደርጋ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፏ አላሳመነኝም። አባባሉ የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነው። ተዋናይቷ ለጎልደን ግሎብ የፊልም ሽልማት የታጨችባቸው ሦስት ፊልሞች ሁሉም የፍቅር ኮሜዲዎች ሲሆኑ፣ ለኦስካር ግን አንድም ጊዜ አልታጨችም፤ ሰው የሚያስቅ ትወና እንደ ቀላል ሥራ መቆጠሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ኖራ ኤፍሮን የጻፈችውና ሮብ ራይነር ያዘጋጀው «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» (1989) ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ሳሊን የምትጫወተው ራያን በሰው ፊት የወሲብ እርካታን አስመስላ የምትጮኽበትን የምግብ ቤት ትዕይንት ነው። እኔ ግን ሳሊ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ሊያገባ መሆኑን ሰምታ ሃሪን በሌሊት የጠራችበትን ክፍል አስቀድማለሁ። አፍንጫዋን እየጠረገች አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው ብላ ትንሰቀሰቃለች፤ መቼ ተብላ ስትጠየቅ ገና ስምንት ዓመት እንደሚቀራት ይታወቃል። ተመልካቹ ይስቃል፣ ልቅሶው ግን የእውነት ነው። ተዋናይቷ ሳቅ ለማግኘት ብላ ኀዘኑን አላጋነነችውም፤ ሳሊ በራሷ ላይ እንደማትስቅ ጠንቅቃ ስለምታውቅ ቀልዱን ለእኛ ትታ እርሷ ማልቀሷን ትቀጥላለች። ይህን ልክ መጠበቅ ከብዙ የድራማ ልቅሶ ይከብዳል።

ራሷን ብቻ ትጫወታለች የሚለውን ፍርድ «ጆ ቨርሰስ ዘ ቮልኬኖ» (1990) ብቻውን ያፈርሰዋል። ጆን ፓትሪክ ሻንሊ ጽፎ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ከቶም ሃንክስ ጋር ሦስት ሴቶችን ሆና ትተውናለች፦ ጨለማ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ፈሪ ጸሐፊ፣ በአባቷ ገንዘብ የምትኖር ቅብጥብጥና የጀልባ ካፒቴን የሆነች እህቷ። ራሷን የተጫወተችው የትኛዋን ሆና ነው?

ከሁሉም ይበልጥ የሚቆጨኝ የ«ከሬጅ አንደር ፋየር» (1996) መዘንጋት ነው። ራያን የምትጫወታት፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተገደለች የሄሊኮፕተር አብራሪ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለውን ዴንዘል ዋሽንግተን ይመረምራል፤ እርሷን የምናያት በምስክሮቹ ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ ቆራጥ ነበረች ሲል ሌላው ደግሞ ፈሪ ነበረች ይላል። ስለዚህ ያንኑ የውጊያ ቦታና ያችኑ ሴት፣ ተራኪው በተለወጠ ቁጥር በሌላ ድምፅና በሌላ ዐይን መልሳ መጫወት ነበረባት፤ ያም ሆኖ ሁለቱም ምስክርነቶች ሲሰሙ የሚታመኑ መሆን ነበረባቸው፣ አለዚያ ምርመራው ትርጉም ያጣ ነበር። በኮሜዲዎቹ የታየው ልክን የማወቅ ችሎታ እዚህ ያለ ሳቅ ሲሠራ እናገኘዋለን።

ሁሉንም ፊልሞቿን ለመከላከል አልተነሣሁም። «ዩቭ ጎት ሜይል» (1998) ውስጥ ከእናቷ የወረሰችውን የልጆች መጻሕፍት መደብር ያዘጋባትን ነጋዴ ወድዳ መጨረሷ ዛሬ ሲታይ ይጎረብጣል፤ ባዶዎቹን መደርደሪያዎች ለመጨረሻ ጊዜ የምትቃኝበት ትዕይንት የነገረንን ድርሰቱ ራሱ ቶሎ ረስቶታል። የጄን ካምፒየን «ኢን ዘ ከት» (2003) የወንጀል ታሪኩ ወደ መጨረሻው ይላላል። ሆኖም ያን ጊዜ ፊልሙ የተጠላው በአብዛኛው ተመልካቹ የለመደውን ፈገግታ ስላጣበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዝምተኛዋን፣ ቃላት እየሰበሰበች የምትጽፈውን መምህርት ስትሆን ፊቷን ለማስወደድ አንዳች ጥረት አታደርግም።

ዓምዳችሁ ወደዚህ ርእስ ዳግም የሚመለስ ከሆነ፣ ቢያንስ የ1996ቱና የ2003ቱ ፊልሞች ራሳቸውን ችለው እንዲገመገሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዓምዳችሁ ተከታታይ አንባቢ