የላክህልኝን ፊልሞች አይቻለሁ

አባቴ፣ እንዴት ሰነበትክ? ሐዋሳ ዝናቡ ጀመረ ወይ? እኛ ደህና ነን። የቱሉ ዲምቱ ጭቃ እንደምታውቀው ነው። ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ የሚሻገር ሰው አሁንም አለ። አባትህ ሰላም ብሎሃል።

በቴሌግራም ልመልስልህ ጀምሬ ነበር፤ ጣቴ ደከመ። ደግሞ አንተ ረጅም ነገር ስጽፍልህ አውራ ጣት ልከህ ዝም ትላለህ። ወረቀት ላይ አውራ ጣት የለም።

ስለ ላምብ ፊልም የጻፍከውን አየሁት። «ቀርፋፋ፣ ምንም አይፈጠርም፣ ከአሥር አራት።» መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በስንት ፍጥነት ነው ያየኸው? እህትህ ነግራኛለች። አንድ ነጥብ አምስት ላይ አድርገህ ነው አሉ የምታየው፣ ያውም በስልክ፣ ያውም ታክሲ ውስጥ። ዳይሬክተሩ ያሬድ ዘለቀ ያቺን በግ በእግሯ ነው ያስኬዳት፤ አንተ አስሩጠሃት።

ምንም አይፈጠርም ማለትህ ደግሞ ገረመኝ። ኤፍሬም እናቱ የሞተችበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ የቀረችው አንዲት በግ ናት፣ ቹኒ። አጎትዬው ደግሞ ለበዓል ትታረድ ይላል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል ተብሎ ይቆጡታል። ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ የሚወጣው በጓን ከመታረድ ለማዳን ነው። ይሄ ሁሉ ምንም ከሆነ፣ አንተ ምን እንዲፈጠር ፈልገህ ነበር? መኪና እንዲገለበጥ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ፈረንጅ ስላደነቀው ውደደው እያልኩህ አይደለም። አባትህ እንዲያውም «ፈረንጅ የሚወድልን ድህነታችንን ነው» ብሎ ገና ሳይጀመር አኩርፎ ነበር የተቀመጠው። የበጉ ነገር ሲመጣ ግን ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያስጠጋ አየሁት። ዝም አልኩ።

አንተ ረስተኸው ነው እንጂ ይህን ፊልም ኖረኸዋል። የሰባት ዓመት ልጅ እያለህ አባትህ ለፋሲካ በግ ገዝቶ ደረጃው ሥር አሰረው። አሥር ቀን ሙሉ ጎመን አበላኸው። ኮማንዶ ብለህ ስም አወጣህለት። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ቢላዋ ጠፋ። ቤቱን ገለባበጥነው። በመጨረሻ ከጎረቤት ተውሰን አረድን። ቢላዋውን በሳምንቱ ውሃ ስቀዳ በርሜሉ ውስጥ አገኘሁት። አንተ ያን ዕለት ቁርስም ምሳም አልበላም ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ዋልክ። ማታ ግን የቀረውን ጥብስ ከነመጥበሻው ይዘህ አልጋ ሥር አገኘሁህ። እያለቀስክ ትበላለህ። እኔ ላምብን ሳይ ያየሁት ያንን መጥበሻ ነው።

በአንድ ነገር ግን እውነትህን ነው። ተራራው በጣም ያምራል፣ ሲበዛ ያምራል። አንዳንዴ ካሜራው ከልጁ ይልቅ ለተራራው ያደላ መሰለኝ። ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንስ፤ ስድስት አይቀነስም።

የፍቅር ኮሜዲዎቹን አየኋቸው። ሳቅኩ፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር እየገረመኝ መጣ። ሁሉም ቤት ቪላ ነው። ሁሉም ሰው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነው የሚጣላው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ተሸክሞ እየወጣ፣ ደረጃው ላይ ትንፋሽ እየወሰደ ፍቅረኛውን በስልክ የሚያባብል ወንድ አንድ አላየሁም። እኛ ብሎክ እኮ ሦስት አሉ! ድምፁም ነገር አለው። ሲያፈቅሩ ፒያኖ፣ ሲጣሉ ፒያኖ፣ ውሻ ሲሞት ፒያኖ። በቃ፣ ይሄን ልለፈው።

ልጽፍልህ የፈለግኩት ድፍረት ስለተባለው ፊልም ነው። ጎረቤቶችን ለቡና ጠርቼ እኛ ቤት አየነው። እሑድ ከሰዓት ነበር። ሰባት ሰው፣ ከሕፃናቱ ጋር አሥር። ከምድር ቤት ያሉትን እትዬንም ጠራኋቸው፤ ከገጠር መጥተው ልጃቸው ጋር የሚኖሩትን፣ አንተ «ነጠላዋ እማማ» የምትላቸውን። ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ሬጅስትራርም ነበሩ። እሳቸው ሳይጠሩም ቡና ይሸታቸዋል።

ታሪኩን ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1996 የሆነ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ሂሩት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይከቧታል። ይጠልፏታል። ስታመልጥ ጠመንጃ ይዛ ትሮጣለች። ይከተሏታል። ተኮሰች። ጥይቱ ሲጮህ መብራት ጠፋ።

እውነቴን ነው። እዚያው ላይ። መጀመሪያ የፊልሙ አካል መስሎን ዝም ብለን ጥቁሩን ስክሪን አየን። ከዚያ ሕፃናቱ ሳቁ። ሻማ ለኮስኩ። ቡናው ገና ሁለተኛው ነበርና ማንም አልተነሣም።

ክርክሩ የተነሣው ያኔ ነው። የሁለተኛ ፎቁ ጎረምሳ «ቢሆንም ሰው ገድላለች» አለ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ሬጅስትራሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ረጅም ነገር ሊመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በእኛ አቆጣጠር በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት አይከሰስም ነበር አሉ። ያ የቀረው፣ አሁንም በእኛው አቆጣጠር፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አሁን ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ቢያገባትም አያድነውም።

እትዬ ከጥግ «በስንት ዓመተ ምሕረት አሉኝ?» ብለው ጠየቁ። ደገሙላቸው። እትዬ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ምን እንደሚቆጥሩ አልጠየቅኩም።

ቆጥረው ሲጨርሱ «የእኔው ፈረስ ነጭ ነበር» አሉ።

ማንም አልመለሰም። እሳቸውም መልስ የጠበቁ አይመስልም። «ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነው። እንስራዬ እዚያው ቀረ። አዲስ ነበር።» ትንሽ ቆዩና፣ «የእኔው ሲተኛ ጠመንጃውን ታቅፎ ነበር የሚተኛው፤ ይቺ ልጅ ዕድለኛ ናት» አሉ። ሰባት ወልደውለታል። ሲሞትም ደረታቸውን መትተው አልቅሰው ቀብረውታል። ይሄን ሁሉ የተናገሩት የጎመን ዋጋ እንደሚነግሩህ ባለ ድምፅ ነው። ልጃቸው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሻማው እሱ ጋ ስለማይደርስ ፊቱን አላየሁትም። ከዚያ በፊት ሰምቶት የሚያውቅ ግን አይመስለኝም። ጎረምሳው ስለ መግደል ሁለተኛ አላነሣም።

መብራቱ የመጣው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። አባትህ እንቀጥል አለኝ። ያለ እነሱ አላይም አልኩት። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተሰበሰብን። እትዬ ቀድመው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን ሆና ስትመጣ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ተዋናይት ናት አልኳቸው። «አይ፣ የማን ልጅ ናት?» አሉ ደግመው። እስከ መጨረሻው ትንፍሽ ያለ ሰው የለም፤ ሬጅስትራሩ ብቻ አንድ ሁለቴ ችሎት እንዲህ አይካሄድም ብለው አጉረመረሙ።

አንተ ስለ ድፍረት «መልእክቱ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ትምህርታዊ በዛበት» ብለሃል። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሰዎቹን ሕግ ሲያስረዱ ያስረዝማቸዋል። ለአንተ ትምህርት መሰለህ፤ እትዬ ግን ጣታቸውን ነው ያስቆጠራቸው። ስሙን እንኳ ተመልከተው። ድፍረት ስንል ጀግንነቱም አለ፣ የተደፈረችዋም አለች። በሌላ ቋንቋ አንዱን መምረጥ ሊኖርባቸው ነው።

ጤዛን ግማሽ ላይ አቆምኩት። አትቆጣ። ኃይሌ ገሪማ ትልቅ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ መሸለሙን አባትህ ሁለቴ ነግሮኛል። ግን ልጆቹ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ሳይ፣ አያትህ አጎትህን ጎተራ ውስጥ የደበቀችበት ሌሊት መጣብኝ። ሪሞቱን አንሥቼ አጠፋሁት። መጥፎ ፊልም ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው አየው ነበር። ስትመጣ አብረን እንጨርሰዋለን፤ ብቻዬን አልሞክረውም።

ያኔ ከአባትህ ጋር ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ የምንገባበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ታክሲ እስክናገኝ ሰልፍ ላይ እንከራከር ነበር። አንድ ጊዜ የማናውቀው ሰውዬ ከኋላችን «ወይዘሮዋ ናት ልክ» ብሎ ገባበት። አባትህ እስከ ዛሬ ያን ሰው ይረግመዋል። አሁን ከዚህ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ፊልም አይቶ ማታ መመለስ፣ ደሞዙንም ቀኑንም ነው የሚበላው። ስለዚህ ሲኒማችን የእኛው ሳሎን ሆኗል። ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ትኬቱ አንድ ማንኪያ ቡና ነው።

ፊልሞቹን የላክህበትን ፍላሽ የሚያደርስልኝ ሰው አገኘሁ። የማዶ ብሎኳ ልጅ ዓርብ ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች፤ ባዶውን በእሷ እልክልሃለሁ። አዳዲስ ሙላበት። ከመላክህ በፊት ግን አንተም አንዱን ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ፣ በልኩ ፍጥነት፣ ትልቅ ስክሪን ላይ እየውና ምን እንዳሉ ጻፍልኝ። ያንተን ነጥብ አውቀዋለሁ፣ የእነሱን ነው የምፈልገው።

ሬጅስትራሩ የችሎት ፊልም ጨምርበት ብለዋል፣ እርማት እንዲያወጡበት። የሁለተኛ ፎቁ ጎረምሳ ኳስ ያለበት ይሁንልኝ ይላል። እትዬንም ምን ልዘዝልዎ ብዬ ጠየቅኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ደስ ያለህን ላክ በይው» አሉኝ። በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ ዞረው፣ «ፈረስ ብቻ አይኑርበት» አሉ።

እናትህ