ስለ ታፈነ አፍንጫ ስትጽፉ ይህንንም ጨምሩበት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ።

በጤና ዓምዳችሁ ለታፈነ አፍንጫ የሚረዱ ምግቦችና መጠጦች ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ዝንጅብል አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ማር፣ ሎሚ፣ ናና፣ የዶሮ ሾርባ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፈላ ውሃ መታጠን። ዝርዝሩን ቆርጦ ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጥፍ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም። እኔም እንዲህ አደርግ ነበር። ግን ከዝርዝሩ የቀረ ነገር አለ። እሱ በመቅረቱ ቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁና ወደ ምግቡ እመለሳለሁ።

ከ4 ዓመት በፊት ነው። ሴት ልጄ ያኔ 5 ዓመቷ ነበር። ጉንፋን ከያዛት ሦስተኛ ሌሊቷ። አፍንጫዋ ግጥም ብሏል። አፏን ከፍታ ትተኛለች፣ ጉሮሮዋ ሲደርቅ ትነቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ደግሞ ይብስባታል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ውሃ አፈላሁ። ሳፋ ውስጥ ገልብጬ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩትና ከላይ በፎጣ ሸፈንኳት። «ታጠኚ፣ አሁን ይለቅሻል» አልኳት። እንፋሎቱ ፊቷን ሲነካት ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች። ፍራሹ ረገበ፣ ሳፋው ዘመመ፣ ውሃው ግራ ጭኗ ላይ ፈሰሰ።

ያከመቻት ሐኪም አልተቆጣችኝም። እንዲህ ሆነው የሚመጡ ልጆች ብዙ እንደሆኑ ብቻ ነገረችኝ። ሰው ሲቃጠል ቶሎ ብሎ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት እንደሚገባ፣ በረዶም ቅባትም እንደማይደረግ የተማርኩት ከእሷ ነው። ያን ቀን ግን የጠየቅኳት ሌላ ነገር ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግላት ኖሯል?» አልኳት። «ለብ ያለ ነገር በማንኪያ ብትሰጣት ይበቃ ነበር» አለችኝ። ይህች መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር አፍንጫ የሚታፈነው በንፍጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን በደም ስሮች የተሞላ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ስሮቹ ይሰፋሉ፣ ደም ይሞላሉ፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ለዚህ ነው ሰው እየተናፈጠ ምንም ሳይወጣለት አሁንም ታፍኖ የሚቀረው። አጥብቆ መናፈጥ እብጠቱን አይቀንሰውም። ስንተኛ የሚብሰውም ለዚሁ ነው፤ ጋደም ስንል ወደ ራስ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ትራስ ደርቦ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት የሚረዳው ይህንን ነው።

እንግዲህ ትኩስ መጠጥ። በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ፣ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ፣ ጉንፋን ለያዛቸው 30 ሰዎች የፍራፍሬ መጠጥ ተሰጣቸው። ትኩሱም፣ እንደ ክፍሉ ሙቀት የሆነውም ተሞከረ። በአፍንጫቸው የሚያልፈው አየር በመሣሪያ ሲለካ ትኩሱ መጠጥ ለውጥ አላመጣም። ሰዎቹ ግን ትኩሱን ሲጠጡ የአፍንጫ ንፍጡ፣ ሳሉ፣ ማስነጠሱ፣ የጉሮሮ ሕመሙ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ድካሙ ቀለል አለን አሉ። ያልሞቀው መጠጥ ይህን ያህል አላቀለለላቸውም። መጀመሪያ ሳነበው ቅር አለኝ። «ታዲያ ስሜት ብቻ ነው ማለት ነው?» ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌሊት የምታለቅስ ልጅ የምትፈልገው ቀለል እንዲላትና እንቅልፍ እንዲወስዳት ነው። መሣሪያው ምንም ቢል፣ ከተኛች ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የዶሮ ሾርባውም ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። በ1978 በአሜሪካ፣ ማያሚ ቢች፣ ሐኪሞች በ15 ጤነኛ ሰዎች ላይ ንፍጥ በአፍንጫ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ለኩ። ትኩስ ውሃ፣ ትኩስ የዶሮ ሾርባና ቀዝቃዛ ውሃ ሰጧቸው። በሾርባው ፍጥነቱ በደቂቃ ከ6.9 ወደ 9.2 ሚሊሜትር ከፍ አለ። በትኩስ ውሃ ከ6.2 ወደ 8.4። በቀዝቃዛው ውሃ ግን ከ7.3 ወደ 4.5 ወረደ። ንፍጥ ቶሎ ሲጓዝ የያዘውን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፣ ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የትኩሱ ጥቅም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አልፏል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ አይሆንም። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ፉት ማለት ነው።

ሾርባው ሌላም ጥቅም አለው። የታፈነ ሰው ምግብ አይጣፍጠውም፤ ጣዕም ብለን የምናውቀው ነገር ብዙው ሽታ ነው። ሾርባ ግን ባይጣፍጥም ይወርዳል፤ ውሃውንም ጨውንም ምግቡንም አንድ ላይ ይዞ። በ2000 በአሜሪካ፣ ነብራስካ፣ አንድ ሐኪም ባለቤቱ ከአያቷ በወረሰችው አሠራር የተሠራ የዶሮ ሾርባ በቤተ ሙከራ መርምሮ ነበር። ሾርባው ለእብጠት ምክንያት ከሚሆኑት ነጭ የደም ሴሎች አንዳንዶቹን እንቅስቃሴያቸውን ቀነሰ። ይህ የሆነው በመስታወት ዕቃ ውስጥ እንጂ በሰው አፍንጫ ውስጥ አይደለም። እሱንም አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

አሁን እኔ ቤት እንዴት እንደምናደርገው ልንገራችሁ። የአውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል እጥበዋለሁ፣ ሳልልጠው በስሱ እቆርጠዋለሁ። በሁለት ኩባያ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያህል ይፈላል። ቤቱ በዝንጅብሉ ሽታ ይሞላል። ከዚያ አጠልለውና እተወዋለሁ። ቁም ነገሩ እዚህ መተው ላይ ነው። ኩባያውን በሁለት እጄ አቅፌ ሳልቀያይር መያዝ እስክችል ድረስ እጠብቃለሁ። ያኔ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፣ ማር በመጨረሻ። የሚፋጅ ነገር መጠጣት ጀግንነት የሚመስለው ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ለምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ለብ ያለውም እንፋሎቱን ይሰጣል። ኩባያውን አፍንጫችሁ ስር ይዛችሁ እየተነፈሳችሁ ብትጠጡ ሳፋም ፎጣም አያስፈልግም።

ስለ ቃሪያና ስለሚያቃጥል ምግብ ጽሑፋችሁ «አፍንጫን ይከፍታል» ብሏል። በእርግጥ ንፍጥን ያወርዳል። ካፕሳይሲን የሚባለው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ሙቀትና ሕመም የሚሰማቸውን ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ አፍንጫም ውሃ ያዘንባል። ቀለል ያለን ይመስለናል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይመለሳል። ጨጓራው የሚያስቸግረው ሰው ይጠንቀቅ፤ ለትንሽ ልጅ ደግሞ በፍጹም። ናናም ሌላ ዓይነት ነገር ነው። በውስጡ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚሰማቸውን ነርቮች ስለሚነካ አየር እንደገባልን ይሰማናል፤ መተላለፊያው ግን እንደነበረው ነው። በሻይ መልክ ጥሩ ነው። የሜንቶል ቅባት ሕፃን አፍንጫ ውስጥም አጠገብም አይቀባም፤ ትንፋሹን ሊያውክበት ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት በሾርባ ውስጥ ይግባ፣ ይጣፍጣል። አፍንጫ ውስጥ ግን አይግባ። በ2021 ቲክቶክ ላይ ሰዎች የተላጠ ነጭ ሽንኩርት በሁለቱም ቀዳዳ ሰክተው ሲያወጡት ንፍጥ ሲወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጭቶ ነበር። ዛሬም ይዞራል። መካከለኛው ልጄ ስልኬ ላይ አሳይቶኝ «አባዬ ይሄ ይሠራል» አለኝ። የሚወርደው አፍንጫው ስለተቆጣና ተወትፎ ስለቆየ ነው። ስስ ሽፋኑ ይቆስላል፣ ተሰብሮ ውስጥ የሚቀርም አለ።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድታትሙልኝ ወደምፈልገው ልምጣ። ማር። ጽሑፋችሁ «ለልጆች ማር በሞቀ ውሃ» ይላል፤ ዕድሜ አይጠቅስም። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም። በጣት ጫፍም፣ በሻይም፣ በጡጦ ጫፍም አይሰጥም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ የመመረዝ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ዘሩ እዚያ በቅሎ መርዝ ይሠራል። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ቤት ውስጥ ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የ7 ወር ልጇ ሲታፈን ማር ልትሰጠው አስባ ነበር። በወሬ መሃል ሰምቼ ነው ያስቆምኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ማንም አልነገራትም ነበር። የጡት ወተትና ከፋርማሲ የሚገዛ የጨው ውሃ ጠብታ ነው ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን የሚሆነው። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ማር ጥሩ ነው፤ እሱም የሚያለዝበው ሳልን እንጂ አፍንጫን አይከፍትም።

ወተትን «ንፍጥ ያበዛል» ብላችሁ መከልከላችሁም አሳዝኖኛል። ያቺ ልጄ ስትታመም ከወተት በቀር ምንም አትቀምስም። በአውስትራሊያ ጉንፋን እንዲይዛቸው በፈቀዱ 60 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ1990 በወጣ ውጤት ብዙ ወተት የጠጣም ያልጠጣም የንፍጡ መጠን አልተለያየም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ጉሮሮ ላይ ወፈር ያለ ነገር የቀረ ይመስላል፣ ያንን ነው ሰው ንፍጥ የሚለው። ከጠጣች ትጠጣ፣ ለብ አድርጉላት።

ከወተት ይልቅ መከልከል የነበረበት መጠጥ ዝርዝራችሁ ላይ የለም። «ትንሽ አልኮል ቅመስ፣ ይለቅሃል» የሚባለው ነገር ነው። አልኮል የደም ስሮችን ያሰፋል፤ አፍንጫውን የዘጋው ደግሞ የሰፋው ስር ነው። እንቅልፍም ያበላሻል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያምረው ሰው ግን ይጠጣ፤ ምንም ከማይጠጣ እሱ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምግብ ጊዜ ይሰጠን ይሆናል እንጂ ሁሉንም አያድንም። መታፈኑ ከ10 ቀን ካለፈ፣ ተሽሎት የነበረው መልሶ ከባሰበት፣ ፊቱን ካመመውና ከፍተኛ ትኩሳት ካለው ሐኪም ያስፈልጋል። ሕፃን መጥባት ካቃተው ወይም ጎድኑ እየገባ ከተነፈሰ ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። የልጅ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ታፍኖ የሚሸት ፈሳሽ ካለው ውስጡ ዶቃ ወይም ባቄላ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ዝንጅብሉን ትታችሁ አሳዩት። ከፋርማሲ የሚገዛውን የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት የሚረጭ መድኃኒትም ወረቀቱ ከሚፈቅደው ቀን በላይ አትጠቀሙ፤ ሲበዛ ራሱ መታፈንን ያመጣል።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ዝርዝሩን ደግማችሁ ስታወጡ የፈላ ውሃውን ነገር ከልጆች አርቁልን። የማሩን ዕድሜ ጻፉልን። እነዚህ ሁለቱ ታች በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ከዝንጅብሉ ጎን፣ እንደ ዝንጅብሉ በትልቁ ይጻፉ። ቆርጦ የሚለጥፈው ሰው አብሮ ይለጥፋቸዋል።

ልጄ አሁን 9 ዓመቷ ነው። ጭኗ ላይ የመዳፍ የሚያክል ምልክት አለ። ጉንፋን ሲይዛት ሎሚውን ራሷ ትጨምቃለች። ኩባያውን ግን ከማንሳቷ በፊት እጄን ይዛ ጎኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። «በርዷል አባዬ?» ትለኛለች። እጄን ሳላነሳ ትንሽ ቆይቼ ነው የምመልስላት።

ከአክብሮት ጋር፣

የሦስት ልጆች አባት፣ አንባቢያችሁ